ለፎቶግራፍ የሚሆን ስፍራ ስለ መምረጥ

እናቴን ከልጆቼ ጋራ ፎቶግራፍ አነሣ ዘንድ አስቤ፥ በጥቅምት ወር በነፋስ ስልክ ላፍቶ ስፍራ ፍለጋ ወጣሁ። የፉሪ ተራራ የሚታይበትን አንድ ኮረብታ በማለዳ አይቼ ወደድሁት፤ እነርሱን ግን የወሰድኋቸው በቀትር ነበረ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናትና፥ ፀሐይ ከአናት በላይ ቆማ የሁሉንም ዓይን በቅንድብ ጥላ ሸፈነችው፤ እናቴንም አቀበቱ አደከማት። «ልጄ፥ የምታነሣው ተራራውን ነው ወይስ እኛን?» አለችኝ፤ አፈርሁ።

በማግሥቱ በማለዳ ከቤታችን ግድግዳ ጥላ ሥር ከልጆቹ ጋራ አስቀምጬ አነሣኋት፤ በለሰለሰው ብርሃን ፊቷ ሁሉ ተገለጠ። እንግዲህ ስፍራ የሚመርጥ ሰው፥ ፎቶግራፉ በሚነሣበት ሰዓት አስቀድሞ ሄዶ ይየው፤ የሚነሣውንም ሰው ጕልበት ያስብ። እናቴ በዚያው ዓመት ዐረፈች፤ የቀረልንም ያ ከግድግዳው ሥር የተነሣው ፎቶግራፍ ነው።