ስሜ ማን ነው?

ባልንጀሮቻችን እንደምታውቁት የእኛ መኝታ ክፍል ማታ ማታ ጸጥ አይልም። ጥናት አልቆ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አንድ ጨዋታ አለችን። አንዱ የማልያ ቁጥር ይጠራል፤ ሌላው የተጫዋቹን ስም ይመልሳል። የተሳሳተ በማግስቱ ለአራታችንም ውኃ ይቀዳል። ቡድናችን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። (የቡና ደጋፊዎች ታገሡን፤ ነገሩ ስለ ኳስ ብቻ አይደለም።)

የአሁኖቹ ሲያልቁብን ወደ ጥንቶቹ እንሻገራለን። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. መመሥረቱን፣ ይድነቃቸው ተሰማ በዚሁ ማልያ ተጫውተው ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት መሆናቸውን ማን ይነግረናል! ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበትንማ ስታዲየም ገብተን ያየነው ይመስል እንተርከዋለን። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አንድ፣ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ አንድ ጨመሩ። ያን ጊዜ እኛ ቀርቶ አባቶቻችንም አልተወለዱም።

ትምህርታችንም ቢሆን የሚናቅ አልነበረም። በሥነ ልቦና ፈተና «ልጅን በስሙ መጥራት ለምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ መጥቶ ሁላችንም ሙሉ ማርክ አግኝተናል። ይህቺን ያዙልን።

በ2017 ዓ.ም. ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከመኝታ ክፍላችን ሁለታችን አንድ ትምህርት ቤት ደረሰን። አራተኛ ክፍል፣ 58 ልጆች፣ ሒሳብ። አንዳችን ስናስተምር አንዳችን ከኋላ ተቀምጠን እንመዘግባለን። ዕቅዳችን የተሟላ፣ የካርቶን መርጃ መሣሪያችን ያማረ። ልጆቹን የምንጠራው ግን «አንቺ ባለ ቀይ ሹራብ»፣ «አንተ ከመስኮቱ ሥር» እያልን ነበር። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ስም መጥራት የክፍል ኃላፊዋ ሥራ ነው ብለን ነበራ!

በሦስተኛው ሳምንት ጊዮርጊስ አዳማ ላይ ሊጫወት ሆነ። በዚያ ዓመት የሊጉ ጨዋታ በተመረጡ ከተሞች ይካሄድ ስለነበር የአዲስ አበባውን ቡድን ለማየት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ግድ ነበር። የወሩን የኪስ ገንዘብ አዋጥተን እሑድ ማለዳ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፈርን። ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ገብተን ድምፃችን እስኪዘጋ ዘፈንን። ውጤቱን አናነሳውም። ማታ ስንመለስ ዕቅድ የሚጽፍ ጉልበት ከየት ይምጣ፤ እንዲሁ ተኛን።

ሰኞ ጠዋት ክፍልፋይ እናስተምር ነበር። ማናችን ሰሌዳው ላይ እንደነበርን አንናገርም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጇን ያነሳች ልጅ ነበረች። «እሺ፣ አንቺ» አልናት፤ በዚያ በሻከረ ድምፅ። ተነሣች። መልሱን አልነገረችንም።

«ቲቸር፣ ስሜ ማን ነው?»

ልጆቹ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ቆመና ሁሉም አፍ አፋችንን ያዩ ጀመር። ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛ ያግዘን ይሆናል ብለን ዞር አልን። እሱም ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል። «ተቀመጪ» አልናት።

በእረፍት ሰዓት አንጋፋዋ መምህራችን ሻይ አዘዙልን። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለን ነበር። ቦርሳችን ላይ የታሰረውን ስካርፍ እያዩ፣ «እስቲ የትናንቱን አሰላለፍ ንገሩኝ» አሉ። ከበረኛው እስከ አጥቂው አንበለበልነው፤ ተቀያሪዎቹንም ጨመርን። «ጎበዝ» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ሌላ ምንም አላሉም።

ያን ማታ ከክፍል ኃላፊዋ የስም ዝርዝሩን ተውሰን የክፍሉን ወንበሮች በትልቅ ወረቀት ላይ ሣልን። የጊዮርጊስ አሰላለፍ የተለጠፈበት አጠገብ ሰቀልነው። ጨዋታዋ ያው ናት፤ አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው ስም ይመልሳል። ሌሎቹ ሁለት የክፍል ጓደኞቻችንም ልጆቹን በዓይናቸው ሳያዩ ገቡበት። እኛ ግን ማታ ያጠናነው ጠዋት ይፈርስብን ነበር፤ የአራተኛ ክፍል ልጅ እንደ ተከላካይ ቦታውን አይጠብቅማ! እርሳስ ለመዋስ ተነሥቶ ሌላ ረድፍ ይቀራል። 58ቱን ለመጨረስ ዘጠኝ ማታ ፈጀብን፤ ውኃም ብዙ ቀዳን።

ስም ማወቅ ጣጣ እንዳለው የገባን ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ ልጅ (ስሟን እዚህ አንጽፈውም፣ የራሷ ነው) ሐሙስ ሐሙስ እንደምትቀር አስተዋልን። በፊትም ትቀር ኖሯል፤ ለእኛ ግን ባዶ ወንበር ነበር። ጎረቤቷን ስንጠይቅ እናትየው ገበያ ሲውሉ ሕፃን ወንድሟን የምትጠብቀው እሷ ናት አለን። ለመምህራችን ነገርን፤ እናትየውን አስጠርተው አነጋገሩ። በቀጣዩ ሐሙስ ከረፋዱ ላይ መጣች። በሚቀጥለው ግን ቀረች። የእኛም ልምምድ ወደ ማለቂያው ደርሶ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ደብተር ስንመልስ እሷው ቆመች።

«ቲቸር፣ አሁንስ?»

እስከ አያቷ ጠራናት።

«ቁጥሬስ?»

«41!» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

ፈገግ አለችና ጎኗ ወዳለው ልጅ አመለከተች። «የእሱስ?» ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እጁን አነሣ፤ ከዚያም የኋላው ረድፍ በሙሉ። ደወል እስኪደወል እዚያው ቆመን እየጠራን ነበር።