የውሃ ፓምፑና የእኔ ዝምታ

በዚህ መጽሔት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ጫካችን ውበት ሲጽፉ በየዓመቱ አነባለሁ። እኔም ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴ ስለ ሆነ አንድ ነገር ጽፌ ልለፍ ብዬ ብዙ ቀን አሰብሁ። ዳሩ ግን ብዕር ባነሣሁ ቍጥር ወደ አሳቤ የሚመጣው አንድ የዛገ ብረት ነው። እርሱም ከአባቴ መኪና ላይ በገዛ እጄ የፈታሁት አሮጌ የውሃ ፓምፕ ነው። ዛሬም በቤታችን መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ እናቴ ልትጥለው ብትነሣም አባቴ ከልክሏታል። ስለዚህ ስለ እርሱ እጽፋለሁ፤ አስተማሪዎቼ ርእሱ ዝቅ ያለ ቢመስላቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አባቴ ሹፌር ነው። የሚነዳት ላንድክሩዘር ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ከጌጫ ወደ ቴፒ ሰውና ዕቃ ጭኖ ይወርዳል፤ ማታ ደግሞ ጭኖ ይወጣል። መንገዱን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልናገር። ቴፒ ሞቃት የቡና አገር ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ጌጫችን ግን ከ2,000 ሜትር በላይ በጉምና በዝናብ መካከል ተቀምጣለች። እንግዲህ ከቴፒ የተነሣ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ይወጣል ማለት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የሸካ ጫካ ነው። ጫካው ለሚጐበኘው እጅግ ያምራል፤ መኪና ለተበላሸበት ሰው ግን ጉሬዛ ከላይ ሆኖ እያየው ጭቃ ላይ የሚቆምበት ስፍራ ነው።

የእኔ ሥራ ቀላል ነበር። ጧት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ አስቀድሞ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ኮፈኖውን ከፍቼ የራዲያተሩን ውሃና የሞተሩን ዘይት አያለሁ። በዕረፍት ቀን ደግሞ ረዳት ሆኜ አብሬው እወርዳለሁ። በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ጧት ትምህርት ረፍዶብኝ ስቸኩል የራዲያተሩን ክዳን ሳላጠብቅ ሄድሁ። አባቴ መንገድ ላይ ደርሶበት ማታ ሲመለስ፣ «ክዳን መግጠም ያልቻለ ልጅ ምን ሊችል ነው?» አለኝ። ድምፁንም አላነሣም። እኔ ግን ያንን ቃል ለብዙ ቀን ይዤው ዞርሁ። ከዚያ ጧት ጀምሮ ክዳኑን በሙሉ ጕልበቴ እጠመዝዘው ጀመር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ራዲያተሩ ውሃ ይጠጣ ጀመር። በመጀመሪያ የምጨምረው በግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንድ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሆነ፤ በሦስተኛው አራት ደረሰ። ከሞተሩ በታች መሬቱ ርሶ አየሁ። ሞተሩም ሲነሣ ከወደ ፊት በኩል ደረቅ እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ ጕርጕር የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔም «ክዳኑን ከልክ በላይ አጥብቄ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብዬ በልቤ ፈረድሁ። ይህንን ለአባቴ ብነግረው ያን ቃል ዳግመኛ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ማንም ሳያየኝ ከምንጭ እየቀዳሁ ሞላሁ፤ የረጠበውንም መሬት በደረቅ አፈር ሸፈንሁ። አባቴ ቡናውን እየጠጣ፣ «ውሃው እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ «ደኅና ነው» እለው ነበር። ኋላ ስቈጥረው ሃያ አንድ ጧት ዋሽቻለሁ።

በየካቲት፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ አንድ ቀን ከቴፒ በዘጠኝ ሰዓት ተነሣን። ከኋላ ሰባት ሰዎች ተሳፍረዋል። ከፊት አባቴ፣ እኔ በመካከል፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ጐረቤታችን ተቀምጣ ነበር። እርስዋም በቴፒ ሆስፒታል ከወለደች ገና አራተኛ ቀንዋ ስለ ነበር ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ዳገቱን ከጀመርን በኋላ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል አልፎ ሲወጣ አየሁት። አባቴ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልሁ አንድ ኵርባ አለፍን። «ምናልባት ይመለስ ይሆናል» አልሁ በልቤ፤ ሁለተኛውንም ኵርባ አለፍን። በሦስተኛው ላይ «አባዬ፣ መርፌው!» ብዬ ጮኽሁ። መርፌው ግን ቀዩን ነክቶ ነበር፤ ከኮፈኖውም ሥር ነጭ እንፋሎት ይወጣ ጀመር።

አባቴ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ጀሪካን ይዞ ዘሎ ወረደና ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሲሰድ አባቴ ክንዱን ያዘው። በጋለ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ታፍኖ ስለሚኖር ክዳኑ የተከፈተ እንደ ሆነ ፈልቶ ፊት ይልጣል። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ ቢገባ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ዝም ብለን ቆምን። ዝናብም ያን ጊዜ ጀመረ።

ሞተሩ ሲበርድ አባቴ ኮፈኖውን ከፍቶ የቬንትሌተሩን ክንፍ በሁለት እጁ ይዞ ወዝወዝ አደረገው። መወዝወዝ የሌለበት ነገር እንደሚነቀል ጥርስ ተወዛወዘ። ጎንበስ ብሎ በባትሪ ብርሃን አየና በጣቱ አንድ ታናሽ ቀዳዳ ዳሰሰ። ከእርስዋ በታች የዛገ ውሃ የፈሰሰበት ረጅም መሥመር ነበር። ወደ እኔም ሳይዞር፣ «ስንት ቀን ሆነው?» አለኝ።

ብዙ ውሸት ወደ አፌ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ጐረቤታችን ነጠላዋን በሕፃኑ ላይ ስትስብ አየሁና፣ «ሃያ አንድ ቀን» አልሁት። ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። አባቴ ኮፈኖውን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሌሊት ንብ የሚያነቡ አንድ አባት ከመንገዱ ዳር ባለው ቤታቸው እናቲቱንና ሕፃኑን፣ ሌሎቹንም ተሳፋሪዎች ተቀበሉን። እሳት አንድደው፣ ቆጮ አቅርበው፣ ኮረሪማና ጥምዝ የገባበት ቡና አጠጡን። ሕፃኑ በእሳቱ አጠገብ ደኅና አደረ፤ በማግሥቱ ጧት በሌላ መኪና ወደ ጌጫ ሄዱ። እናቲቱ ስትለየን ምንም አልተናገረችኝም፤ እስከ ፋሲካ ድረስ እኔም በደጃፏ ማለፍ አፍር ነበር።

አሁን ስለ ፓምፑ ልናገር፤ በፊዚክስ ክፍል የተማርሁት በዚህ ረድቶኛልና። ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል የሚወጣው ሙቀት ካልተወሰደ ብረቱን ያጣምመዋል። ስለዚህ ውሃ በሞተሩ አካል ውስጥ ዞሮ ሙቀቱን ይወስድና በራዲያተሩ ውስጥ በነፋስ ይበርዳል። ይህንን ውሃ የሚያዞረው ፓምፑ ነው። ጥንት ያለ ፓምፕ የሚሠሩ መኪናዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 የተሠራው ሞዴል ቲ የተባለው ፎርድ፣ ከጥቂቶቹ ከመጀመሪያዎቹ በቀር፣ የሞቀ ውሃ ወደ ላይ፣ የቀዘቀዘውም ወደ ታች በመሄዱ ብቻ ይበርድ ነበር። የዛሬ ሞተር ግን ሙቀቱ ብዙ ስለ ሆነ በዚያ አይበቃውም። ፓምፑ በውስጡ ባለ ክንፍ ክብ ብረት አለው፤ ይህም በዘንግ ተያይዞ በቺንጋ ይዞራል። ዘንጉን ኩሽኔታ ይሸከመዋል፤ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ ደግሞ በመካከል የሚከላከል ማገጃ አለ። (የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑን ልብ ብላችኋልን? ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ኮፈኖ፣ ካቻቪቴ። ጣልያን ሄደ፤ ቃሉ ግን ከብሎኑ ጋር ቀረ።)

ያቺ ታናሽ ቀዳዳ ደግሞ እጅግ አስደነቀችኝ። እኔ የእንባ ቀዳዳ ብያታለሁ። ፓምፑን የሠሩት ሰዎች ሆን ብለው የተዉአት ናት። ማገጃው ያረጀ እንደ ሆነ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ገብቶ በስውር እንዳያበላሸው በእርስዋ በኩል ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤ ሹፌሩም አይቶ ያውቃል። እንግዲህ ፓምፑ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ሲናገር ነበር፤ አፈር እየበተንሁ ያፈንሁት እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር አለ። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በጌጫ ከፍታ ግን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ውሃው በፓምፑ ሲያፈስስ ግን ያ ግፊት ይጠፋል። ስለዚህ በቴፒ ሜዳ ላይ ችሎ የነበረው መኪና በዳገቱ ላይ ተሸነፈ።

አባቴ በማግሥቱ በጭነት መኪና ወደ ቴፒ ወርዶ ፓምፕ ፈለገ። መጀመሪያ ያገኘው የብሎን ቀዳዳው ከአሮጌው ጋር አልገጠመም፤ አሮጌውን ፈትቶ ስላልወሰደ በልኩ የሣለው ወረቀት ነው ያዳነው። ሁለተኛው ገጠመ። የተከፈለበት ገንዘብ ለታናሽ እኅቴ ለጫማና ለመጽሐፍ የተቀመጠ ነበር። ወደ ማታ ሲመለስ ፓምፑን ከነካርቶኑ እጄ ላይ አኖረና፣ «የደበቅኸውን አንተው ፍታው» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ጀመርሁ። የራዲያተሩን ውሃ ከሥሩ አፈሰስሁ፤ ዲናሞውን አላልቼ ቺንጋውን አወጣሁ፤ ቬንትሌተሩን ፈታሁ። ከዚያ የፓምፑን ብሎኖች በ12ና በ14 ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታሁ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ አባቴ በካርቶን ላይ የፓምፑን ሥዕል ስሎ እያንዳንዱን በቦታው እንድሰካው አደረገኝ። አንዱ ዝጎ እምቢ ሲለኝ በጕልበት ልጠመዝዘው ብነሣ እጄን ያዘና ዘይት ጠብ አድርጎ፣ «ቡና ጠጥተን እንመለስ» አለ። ስንመለስ ተፈታ።

አሮጌው ፓምፕ ሲወጣ በመዳፌ ላይ አዞርሁት። ዘንጉ ይንገዳገዳል፤ ክንፎቹም ዝገት በልቷቸዋል። የምንጭ ውሃ ብቻ እየሞላን ስለ ኖርን ነው። ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው የራዲያተር ፈሳሽ ዝገትን እንደሚከላከል ያወቅነው ኋላ መካኒክ ነግሮን ነው።

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የጠየቀኝ መፋቁ ነው። አሮጌው ጋስኬት ከሞተሩ ፊት ላይ እንደ እንጀራ ስባሪ ተጣብቆ ቀርቷል። በቢላዋ ፋቅሁት፤ ሲመሽብኝ ግን ከታች በኩል ያለውን ጥቂት ተውሁት። አዲሱን ጋስኬትና ፓምፕ ገጠምሁ፣ ብሎኖቹን በመስቀል አቅጣጫ ቀስ በቀስ አጠበቅሁ፣ ውሃ ሞላሁ። ሞተሩ ተነሣ። ደስታዬ አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ ከታች በኩል ውሃ ሰርጎ ወረደ። አባቴ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። በዚህ ጊዜ ሳልጠየቅ፣ «አባዬ፣ ሳልፍቀው የተውሁት አለ» አልሁት። እርሱም ባትሪውን አብርቶ ያዘልኝ። ዳግመኛ ፈታሁት፤ መለዋወጫ ጋስኬት ስላልነበረን ያንኑ ጠርገን፣ ማጣበቂያ በስሱ ቀብተን ገጠምነው። እስኪደርቅም አደርን።

በነጋው ቺንጋውን ስናስገባ አባቴ በአውራ ጣቱ መካከሉን ተጭኖ አሳየኝ፤ አንድ ጣት ስፋት ያህል ጎድጎድ ሊል ይገባዋል። እኔ ይበልጥ ላጠብቀው ብል ከለከለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለ፦ «በገና ሰሞን ሲጮህብኝ አጥብቄው ነበር፤ እንደ ክራር ክር ነው የወጠርሁት። የጠበቀ ቺንጋ ኩሽኔታ ይበላል። ፓምፑን የገደልሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ክዳኑን ነበር የማስበው። ሃያ አንድ ቀን በአፈር የሸፈንሁት የእኔ ጥፋት ነው ብዬ ነበር፤ አባቴ ግን የራሱን ጥፋት ማንም ሳይጠይቀው እጁ በዘይት እንደ ጠቈረ ተናገረ። ምን እንደምመልስለት ስላላወቅሁ ቁልፉን አቀበልሁት።

የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ሞተሩን አስነሣን፤ አየሩ አረፋ እየሆነ እስኪወጣ ድረስ ውሃ እየጨመርን ጠበቅን። ከዚያ ክዳኑን ገጠምሁት፤ በሙሉ ጕልበቴ ሳይሆን እስኪይዝ ድረስ ብቻ። ዳገቱን ስንወጣ መርፌው ከመካከል አላለፈም።

በማግሥቱ ጧት ጠርሙሴን ይዤ ኮፈኖውን ከፈትሁ። አባቴ ከደጃፍ ሆኖ፣ «ስንት ጠጣች?» አለኝ። «ምንም» አልሁት። ስኒውን አኖረና መጥቶ ራሱ አየ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ፤ በሦስተኛውም። አንድ ሳምንት ሙሉ «ምንም» ባልሁት ቍጥር መጥቶ ያይ ነበር፤ እኔም ቆሜ እጠብቀው ነበር። በስምንተኛው ቀን «ምንም» ስለው ቡናውን ጠጥቶ ጨረሰና በቀጥታ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ።