የመጠበቅ ዋጋ

ሰው ቀምሶ ለመፍረድ ይቸኩላል። ምላሱ የወደደውን መልካም፣ የጠላውን ክፉ ይለዋል። ነገር ግን ለጋ ነገር የሚቀምስ ሰው የዛሬውን ጣዕም ከማወቅ ጋር፣ ያ ነገር ነገ ምን እንደሚሆን መገመት አለበት።

በሆሳዕና ከተማ በመምህርነት ስሠራ ሳለሁ፣ በጣሊያን አገር የኖረ አንድ ወዳጄ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ይዞ መጣ። ሁለቱም ፒየሞንቴ ከሚባለው የሰሜን ጣሊያን አውራጃ፣ ከዚያው አገር ነባር የወይን ዘሮች የተጠመቁ ናቸው። አንደኛው ዶልቼቶ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኔቢዮሎ ከሚባለው ዘር የሚሠራው ባሮሎ ነበረ። ወዳጄ ብርጭቆውን በነጭ ጨርቅ ፊት አቁሞ መልኩን አየ፤ ወዝወዝ አድርጎ አሸተተ፤ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፉ ካመላለሰው በኋላ ተፋው። ቀማሽ የሚቀምሰው ለማወቅ እንጂ ለመስከር አይደለምና እኔም እንደ እርሱ አደረግሁ።

ዶልቼቶው እንደ ፕሪም የሚሸት፣ ለአፍ የሚስማማ ነበረ። ባሮሎው ግን መዓዛው ደስ ቢያሰኝም፣ ብዙ እንደ ፈላ ሻይ አፍ ያደርቃል። ይህን የሚያደርገው ታኒን የሚባለው ነገር ነው፤ ከወይኑ ልጣጭና ከፍሬው ውስጥ ካለው ዘር ይወጣል። በለጋነቱ ሻካራ ያደረገው ይኸው ታኒን ለብዙ ዓመት እንዲቆይ ይረዳዋል፤ ዕድሜ ሲያገኝም ይለዝባል። ዶልቼቶ ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዓመት ውስጥ ካልተጠጣ ይደክማል። እንግዲህ ሁሉን ባንድ ሚዛን የሚመዝን ቀማሽ፣ አንዱን ያለ ጊዜው ይጥላል፤ ሌላውን በከንቱ ያስረጃል።

ይህ ነገር ለሐዲያና ለከምባታ ሰው እንግዳ አይደለም። እንሰት ለመድረስ እንደ ዘሩና እንደ አየሩ አራት፣ ስድስት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ዓመት ይፈጃል። ተፍቆ ቆጮ የሚሆነው ክፍል በጉድጓድ ተቀብሮ ሳምንታትና ወራት ይቦካል፤ ከዚያው ተክል ሥር የሚወጣው አሚቾ ግን ወዲያው ተቀቅሎ ይበላል። ባለሙያዋ ሴት ሁለቱን አታምታታም።

በክፍሌ ውስጥ አንድ የገበሬ ልጅ ነበረ። ትምህርት ቶሎ አይገባውም፤ ጥያቄው ግን እንደ እሾህ ይዋጋ ነበር። ብዙ ሰዎች ለትምህርት አልተፈጠረም ብለው ፈረዱበት። አንድ ቀን አባቱ ሊያስወጡት መጡ።

«አባባ፣ እንሰት በሁለት ዓመቱ ይቆርጣሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እሳቸውም፣ «መምህር፣ ሲርብ ይቆረጣል» አሉኝ።

የምመልሰው ቃል አጣሁ። መጠበቅ ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውንም የሚከፍል ሰው እንደሚያስፈልግ በአጭር ቃል ነገሩኝ። የባሮሎ ጠማቂ በአገሩ ሕግ ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚሁም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ሳያቆይ ወይኑን ሊሸጥ አይችልም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤቱ መብላት አለበት። ስለዚህ በዚያ አገር ብዙ ገበሬዎች ቶሎ የሚደርሰውን ዶልቼቶ እየሸጡ ባሮሎውን ይጠብቃሉ። ፈጥኖ የደረሰው ዘግይቶ የሚደርሰውን ይመግባል ማለት ነው።

የልጁንም ነገር የፈታው ይኸው ሥርዓት ነው። ታላቅ እህቱ በገበያ ቅቤ ትነግድ ነበርና የደብተሩንና የልብሱን ወጪ እርስዋ ቻለች። ልጁም ከትምህርቱ ሳይወጣ ቀረ። በመጨረሻ ምን እንደሚሆን በዚያ ዓመት ማንም ሊናገር አይችልም ነበር፤ እርስዋም ሳታውቅ ነው የከፈለችው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተ ቀድመህ የበሰልህ እንደ ሆነ፣ የዘገየውን ወንድምህን አትናቅ፤ ጥቂት ደግፈው። የዘገየኸው አንተ ከሆንህ ደግሞ፣ የምትበስልበትን ዘመን የሚከፍልልህ ሰው ማን እንደ ሆነ ዕወቅ፤ ስትደርስም አትርሳው።