እግር ያላችሁ ሁሉ አንብቡ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ስፖርት ውድድር፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሥነ ሥርዓትና ስለ መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት ብዙ ተጽፏል። ስለ እግር የጻፈ ግን የለም። እኛ ዛሬ ስለ እግር ልንጽፍ ነው።

እኛ ስንል እነማን እንደሆንን አብዛኞቻችሁ ታውቁናላችሁ። በፀሐይም በዝናብም ካልሲ የማናወልቀው፣ ለሰውነት ማጎልመሻ ቁምጣ ልበሱ ሲባል ወደኋላ የምንቀረው ነን። ብዛታችን ከአንድ እጅ ጣት አያልፍም። አንዱ ከየጥኖራ፣ አንዷ ከቢቸና፣ ሌላው ከሞጣ ወዲያ የመጣን ስንሆን፣ ያስተዋወቀን ትምህርቱ ሳይሆን ዝሆኔ ነው።

ዝሆኔን በጎጃም ገበያ ውሎ ያላየ ሰው የለም። ስለ መነሻው የሚወራው ግን ለጉድ ነው። የእባብ አጽም ረግጦ ነው ይባላል፤ መተት ነው፣ እርግማን ነው ይባላል። በዚህም የተነሣ ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ የዘመዶቿ እግር አብሮ ይጠየቃል። (በአገራችን ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለዝምድና ብቻ እንዳይመስላችሁ!)

እውነቱ ከእግራችን ሥር ነው። በሽታው በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ይህን ስም በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ቀደም ሲል በአዲስ አበባ በአለርት የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር፣ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በተገናኙበት አገር ይገኛል። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጥ ከአፈሩ የሚወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳው ያልፉና ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ እየዋለ እያደረም ይዘጓቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በቆላ ትንኝ የምታመጣው ዝሆኔ ሌላ ነው። ከመካከላችን አንዱ በአንድ ጤና ጣቢያ «የትንኝ ነው» ተብሎ ክኒን ሲውጥ ከርሟል፤ አገርህ ደጋ ነው ወይስ ቆላ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

«በዘር ነው» የሚሉ ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አሳይቷል። የሚወረሰው ግን አፈሩን ያለመቋቋም ነው እንጂ እብጠቱ አይደለም። አፈሩን ካልረገጡት አይመጣም።

ነገሩ የጥቂት ሰው ጉዳይም አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በአገሪቱ 56 ገበያዎች የተመለከቱ ሰዎች ከመቶ 2.7 ያህሉ እግራቸው ያበጠ ሆኖ ተገኝቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት በመነሣት ደግሞ የሕሙማኑ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን ተገምቷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የት ሄደ? ቤቱ ተቀምጧል።

የየጥኖራው ጓደኛችን አያት በደርግ ዘመን ስሙ በሰፊው ይነሣ በነበረው የአምራቾች ማኅበር ውስጥ ያርሱ ነበር። ማኅበሩ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ እንደ ሌሎቹ ፈረሰ። «ትራክተር አይተናል ልጄ፤ ጫማ ግን ለገበያና ለንግሥ ነበር፤ እሱንም ወንዝ ስንሻገር አውልቀን በትከሻችን ነው» ይላሉ።

ከሁሉ የሚከፋው እብጠቱ አይደለም፤ እኛ ምች የምንለው ነው። ሳይታሰብ ብርድ ብርድ ይላል፣ እግር እንደ እሳት ይግላል፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ቀናት አልጋ ላይ ነው። ፈተና አለ ብሎ አይምርም። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ ውስጥ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እግር ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ ሕክምናው ይኸው ነው። እንክብካቤውን ወዲያው ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመሙ፣ ገና ያልጀመሩት 23.9 ጊዜ ታመዋል። ልዩነቱ ለቁጥር ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለእኛ አራት ጊዜ ተኩል ያለመውደቅ ነው። አራት ጊዜ ተኩል ደግሞ አንድ ሴሚስተር ያድናል።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ባለፈው ጥቅምት ከመካከላችን አንዱ ሻንጣውን አስሮ ነበር። አጠገቡ የሚተኛው ልጅ አልጋውን ወደ በሩ ጎትቶ ወስዶበት ስለነበር ትምህርቱን ትቶ አገሩ ሊገባ ቆርጧል። መናኸሪያ አጠገብ ድንች የሚሸጡ እናት ጫማውን ትክ ብለው አዩና፣

«ወንድምዓለም፣ አንተም ከእኛ ወገን ነህ?» አሉት።

«አዎ እማማ» አለ።

«በል ቅዳሜ ጠዋት ና። አውቶቡሱ የትም አይሄድብህ።»

ቅዳሜ ሁላችንም ሄድን። በግቢያቸው ስምንት ሰዎች ሳፋ ሳፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እግራቸው ይሸታል ተብለው ከጽዋ ማኅበራቸው የቀሩ አንድ አባትም ነበሩ። አንዱ ለሌላው በጣሳ ውኃ ያፈሳል፤ በጣቶች መካከል ያለው በጨርቅ ጥርግ ተደርጎ ይደርቃል፤ ቫዝሊን ይቀባል። በረኪና ጥቂት ጠብታ ይጨመራል፤ ልኩን የሚያውቁት እኒያው እማማ ብቻ ስለሆኑ ሌላ ሰው ጠርሙሱን አይነካም። ለሳሙና የሚሆን እቁብም አላቸው። ፋሻ ከጣት ተጀምሮ ወደ ላይ እንደሚጠቀለል፣ ሲተኙ እግር ከፍ ማለት እንዳለበት እዚያ ተማርን። በአልጋዎቻችን ግርጌ ጡብ ያደረግነው ለዚህ ነው፤ «ምን ዓይነት ጥንቆላ ነው?» ብላችሁ ለተጠራጠራችሁ መልሱ ይኸው።

እዚያ ማንም እግራችንን አይቶ ፊቱን አላዞረም። ሊቀር የነበረው ጓደኛችን በሰው ፊት ቆሞ ማስተማር እንደሚያስፈራው ሲናገር፣ እማማ፣ «እኔ በዚህ እግር አምስት ልጅ አሳድጌአለሁ፤ አንተ የምትይዘው ጠመኔ ነው። ምኑ ከበደህ?» አሉት። ሻንጣውን ፈታ።

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች እንወጣለን። ከፊታችን ባዶ እግራቸውን የሚቀመጡ ልጆች ይኖራሉ። ካልሲያችንን አውልቀን እናሳያቸው ወይስ በሥዕል እናስተምራቸው በሚለው ገና እየተከራከርን ነው። የቢቸናዋ እኅታችን አውልቃለሁ ብላለች።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። እስካሁን የምንታጠበው ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከኩሽናው ጀርባ ባለው ቧንቧ በግልጽ እንታጠባለን። እግሩ ማበጥ የጀመረው ወይም ጣቱ ሥር የሚያሳክከው ካለ ይምጣ። ሳሙና አለን። ሳፋ ግን ሁለት ብቻ ስለሆነ ያለው ይዞ ይምጣ።