ስንት ገመቱብሽ?

እ.ኤ.አ. በ2024 በኢንተርኔት 21,400 ዶላር የሐበሻ ልብስ ሸጫለሁ። ከዚህ ውስጥ አይ.አር.ኤስ. የሚያውቀው 6,300ውን ብቻ ነበር። ካርድ የሚቀበልልኝ የክፍያ ድርጅት፣ ደንበኞቼ በእሱ በኩል የከፈሉት ከ5,000 ዶላር ስላለፈ፣ 1099-ኬ የሚባለውን ወረቀት ለእኔም ለመንግሥትም ልኳል። የቀረው 15,100 የገባው በዜልና በጥሬ ገንዘብ ነው። ዜል ለማንም እንዲህ ያለ ወረቀት አይልክም። ስለዚህ ፌብሩዋሪ ላይ ወረቀቶቼን ሰብስቤ ስቀመጥ የ15,100ውን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ክላርክስተን ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ በዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የዕቃ ባቡር መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስደተኞች ስለሚሰፍሩባት በአንድ አፓርትመንት ግቢ ውስጥ የቡታን፣ የበርማ፣ የኮንጎ፣ የሶማሌ፣ የኤርትራና የእኛ ልጆች አንድ ኳስ ያሳድዳሉ። እዚህ ብዙው ሰው ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ደሞዝ የሚከፈልበት፣ ሌላው የግሉ። አንዷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ አንዷ ሹሩባ ትሠራለች፣ አንዱ ኡበር ይነዳል። እኔ ቀን መጋዘን እሠራለሁ። ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ እናቴ ሽሮ ሜዳ የምታሠራቸውን ቀሚሶችና ነጠላዎች ፎቶ አንሥቼ ኢንስታግራም ላይ እለጥፋለሁ። የመጋዘኑ ግብር ከደሞዜ ላይ ቀድሞ ስለሚቆረጥ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሥራዬ የሚመለስልኝን መጠበቅ ብቻ ነበር። ንግዱ ሲጨመር ነገሩ ተለወጠ።

ጋሽዬ የምላቸው የአባቴ የጥንት ጓደኛ አሉ። በኦሎምፒኩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ አትላንታ ውስጥ ታክሲ ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ውስጥ የዚህን አገር ወረቀት ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። ቡና ላይ ጉዳዩን ሳነሣባቸው ሳያስቡ መለሱልኝ።

«ወረቀት የመጣበትን 6,300 ጻፊ። ወጪሽን ግን ሙሉውን ጻፊ። ኪሳራ ይሆንልሻል፤ ከደሞዝሽም ላይ ይቀነስልሻል። ልጄ፣ የማይታወቀውን ማን ጠየቀሽና ነው የምትናገሪው?»

ምክሩ በክፋት የተሰጠ አልነበረም። ከየት እንደመጣም አውቃለሁ።

በአማርኛ «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ገባሩ የሚያገባው ግብር ነው፤ ንጉሡ በአዳራሹ መኳንንቱንና ሠራዊቱን የሚያበላውም ግብር ይባላል። የሚያገባውና የሚበላው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። በመካከላቸው ደግሞ ገማች አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን ማሳዬ አላስገባም ብሎ ዐመፀ፤ መንግሥትም በስተመጨረሻ አፈገፈገ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ያው ሕዝብ፣ ከንጉሡ ጋር ባይሟገትም ከገማቹ ጋር ይሟገታል።

እናቴ በጠባብ ሱቋ ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ነበረች። ደረጃ «ሐ» የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም። ግብሩ የሚሰላው በግምት፣ የሚከፈለውም በሐምሌ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምቱ ይፋ ሆኖ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ፣ እሷም ቅሬታዋን ይዛ ከተሰለፉት አንዷ ነበረች። ገማቾቹ የመጡ ዕለት ደግሞ ጥሩ ጥሩውን ጥበብ ቀሚስ ሁሉ ጎረቤት ቤት አሽሽታ ነበር። በእሷ ዓይን ይህ ሌብነት አይደለም፤ ክርክር ነው። ገማቹ ከፍ አድርጎ ይጀምራል፣ ነጋዴው ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ጋሽዬም ከአገር ሲወጡ ይዘውት የወጡት ይህንኑ ክርክር ነው።

ክላርክስተን ውስጥ ግን ገማች አይመጣም። ቤቴን አንኳኩቶ ቁም ሣጥኔን የሚከፍት የለም። ስኬጁል ሲ የሚባል ባለ ሁለት ገጽ ቅጽ አለ፤ ከላይ ጠቅላላ ሽያጭ፣ ቀጥሎ ወጪ፣ ከዚያ ትርፍ ወይም ኪሳራ። ይህ ከዋናው የግብር ማስታወቂያ፣ ከፎርም 1040፣ ጋር ይያያዛል። የምሞላው እኔ ነኝ፤ የምፈርመውም እኔ። ከፊርማው በላይ፣ የጻፍኩት ሐሰት ቢሆን በሐሰት ምስክርነት እንደምቀጣ የሚያስጠነቅቅ ዐረፍተ ነገር አለ። ወረቀት መጣም አልመጣም ገቢ ገቢ ነው፤ ለራስ ተሠርቶ የተገኘ የተጣራ ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ይህን የሚነግረን ሰው በራችን ላይ ስለማይቆም ዝምታውን ብዙዎቻችን እንደ ፈቃድ እንቆጥረዋለን።

ወጪዬን ለማስላት የእናቴ ደብተር አስፈለገኝ። የጎረቤት ልጅ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ለዶርዜው ሸማኔ የተከፈለው፣ ለጠላፊዋ የተከፈለው፣ ለኢ.ኤም.ኤስ. የተከፈለው፣ ሁሉም በእሷ እጅ ጽሑፍ፣ በእኛው ቀን አቆጣጠር ሰፍሯል። የአሜሪካ የግብር ዓመት ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው፤ በእሷ ደብተር ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 መሆኑ ነው። ከዚያ የብሩ ጉዳይ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ በሰኔ በ5,700 ብር የተሠራው ቀሚስ በእኔ ሂሳብ 100 ዶላር ገደማ ነው፤ በመስከረም በዚያው ብር የተሠራው ደግሞ 57 ዶላር እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱን መስመር በተከፈለበት ቀን ተመን ወደ ዶላር መለስኩት። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ሳይሸጡ የቀሩ 19 ቀሚሶች ነበሩ። አልጋው ላይ ዘርግቼ ቆጠርኳቸው፤ ምክንያቱም ሳይሸጥ የቀረ ልብስ የተገዛበት ዋጋ ሲሸጥ እንጂ ያን ጊዜ ከትርፍ አይቀነስም። የሚቀነሰው የተሸጠው ዋጋ፣ መላኪያው፣ ማሸጊያው፣ የክፍያ ድርጅቱ የቆረጠው ኮሚሽን ነው። ወደ ፖስታ ቤት የነዳሁት እንኳ ለዚያ ዓመት በማይል 67 ሳንቲም ይያዝልኛል፤ ቀኑንና ርቀቱን ጽፌ ከያዝኩ። የተሸጡት ልብሶች ዋጋ 9,200፣ መላኪያ 2,700፣ ሌላው ሁሉ 1,500። ድምሩ 13,400። ትርፌ 8,000 ዶላር ሆነ።

ከ8,000ው ላይ በመጀመሪያ የሚመጣው የራስ ሥራ ግብር ነው። 15.3 በመቶ ነው፤ 12.4ቱ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 2.9ኙ ለሜዲኬር። ተቀጣሪ የሆነ ሰው ግማሹን አሠሪው ይከፍልለታል፤ ለራሱ የሚሠራ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም እሱ ስለሆነ ሁለቱንም ይከፍላል። የሚሰላው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ነው። ለእኔ 1,130 ዶላር መጣ። የገቢ ግብሩ ለብቻው ነው፤ የጆርጂያም እንዲሁ፣ የዚያን ዓመት 5.39 በመቶ። በጋሽዬ መንገድ ብሄድ 1,130ው አይኖርም፤ ከደሞዜ ከተቆረጠውም የሚመለስልኝ ይጨምራል። ለመጋዘን ሠራተኛ 1,130 ዶላር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አላስረዳም። ሕጉ ለድሃ ይራራል ብዬም አልከራከርም። ከ400 ዶላር ትርፍ የሚጀምር ግብር ቀላል ግብር አይደለም።

ሌላውን ገጽ ያሳዩኝ ግን ራሳቸው ጋሽዬ ናቸው። አንድ ቀን የሶሻል ሴኩሪቲ መግለጫቸውን እንዳነብላቸው ይዘው መጡ። ጡረታ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተመዘገበባቸው 35 ዓመታት ላይ ነው፤ ያልተመዘገበ ገቢ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የታክሲው ዓመታት በሠንጠረዡ ላይ ተራ በተራ ተቀምጠዋል። በቀን ዐሥራ አራት ሰዓት የነዱባቸው ዓመታት ጥቂት ጥቂት ሺህ ዶላር ብቻ ይላሉ፤ በየዓመቱ ገቢው እየተቀነሰ፣ ወጪው እየተነፋ የተሞላ ቅጽ ውጤት ነው። በወር የሚመጣላቸው የቤት ኪራያቸውን ግማሽ አይሸፍንም። ወረቀቱን በአራት አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

«ያኔ ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ለእኔ ጡረታ ገና ሩቅ ነው። ነገሩን የወሰነልኝ እናቴን ለማምጣት የጀመርኩት ማመልከቻ ነው። አይ-864 የሚባል የዋስትና ቅጽ አለ። አመልካቹ፣ የሚያመጣውን ሰው ጨምሮ ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት ወለል 125 በመቶ የሚደርስ ገቢ እንዳለው በግብር ማስታወቂያው ያሳያል። እኔ፣ ልጄና እናቴ ሦስት ነን። በ2025 ለሦስት ሰው የተጠየቀው 33,312 ዶላር ነበር። የመጋዘኑ ደሞዜ 26,900 ነው። የንግዱን 8,000 ስጨምርበት 34,900 ይሆናል፤ ያልፋል። በጋሽዬ መንገድ ደግሞ ከ6,300 ላይ 13,400 ወጪ ሲነሣ 7,100 ኪሳራ ይመጣል፤ ይህ ከደሞዜ ሲቀነስ 19,800 ይቀራል። በዚያ ወረቀት፣ ሌላ ዋስ ካልለመንኩ በቀር፣ እናቴ አትመጣም። ቀሚሱን የምታሠራው እሷ፣ ደብተሩን የያዘችው እሷ። ሁለቱን ድምሮች ጎን ለጎን ጽፌ ለጋሽዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ይሁና» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

የሚያመጣው እናት የሌለው ሰውም እንዳለ አውቃለሁ። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ 1099-ኬ የሚላክበትን ወለል ወደ ቀድሞው መለሰው፤ ከ20,000 ዶላርና ከ200 ግብይት በላይ ለሆነ ብቻ። በ2021 ወደ 600 ዶላር እንዲወርድ ተደንግጎ፣ በተግባር ሳይውል ሲገፋ ሲገፋ የኖረው ቀረ ማለት ነው። ዜናው የተሰማ ሰሞን ቡና ላይ ደስታ ሆነ፤ ብዙ ሰው ግብሩ የተነሣለት መስሎት ነበር። የተነሣው የወረቀቱ መላክ ነው። 400 ዶላሩ ካለበት አልተነቃነቀም። ለእኔም ከእንግዲህ ያች 6,300 እንኳ በወረቀት አትመጣም፤ ስለ ንግዴ ለመንግሥት የሚናገረው ሰው እኔ ብቻ እሆናለሁ ማለት ነው።

ለቀጣዩ ዓመት አንድ ነገር አስተካከልኩ። ለራሱ የሚሠራ ሰው ግብሩን ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ ከፋፍሎ እንዲከፍል ይጠበቅበታል፤ ደሞዝተኛም ከሆነ ደብሊው-4 በሚባለው ቅጽ አሠሪው ጨምሮ እንዲቆርጥለት ማድረግ ይችላል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። በየሳምንቱ 25 ዶላር ይቆረጣል፤ እጄ ሳይገባ ስለሚሄድ እንደ ዕቁብ ለመድኩት።

ማስታወቂያውን ያስገባሁ ዕለት ለእናቴ ደወልኩላት።

«ስንት ገመቱብሽ?» አለችኝ።

«የገመተብኝ የለም እማዬ። ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«ሳይመጡብሽ?»

«ሳይመጡብኝ።»

«ታዲያ ዝቅ አድርገሽ ጻፍሽ?»

«እንደ ደብተርሽ ነው የጻፍኩት።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ለአገሬ ገማች ያላሳየሁትን ደብተር ለአሜሪካ መንግሥት አሳየሽብኝ?» አለችና ሳቀች። አልላክሁትም፣ ከጠየቁኝ ነው የማሳየው፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት አስቀምጠዋለሁ አልኳት። ሦስት ዓመት የሚለውን ስትሰማ ስለ እጅ ጽሑፏ ተጨነቀች። በሚቀጥለው ወር የመጣው ፎቶ በመስመር የተሠመረ ነበር፤ በየገጹ ዳር የሸማኔው ፊርማ አለ፤ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል፣ የፈረንጁ በቀይ እስክሪብቶ።