ከአባወራው እስከ አባ

መካኒሳና ላፍቶ አካባቢ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለገባ ልጅ ካህኑ «ፋዘር» ናቸው። በአራዳ ቋንቋ ግን ፋዘር ማለት ቤት ያለው ወላጅ አባትም ነው። የሚለያቸው ግሱ ብቻ ነው፤ «ፋዘር ጠራኝ» ካለ ወላጁ፣ «ፋዘር ጠሩኝ» ካለ ካህኑ። አያቱ ግን እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገቡም፤ «አባ» ብለው ይገላገላሉ።

የአያት ቃል ብዙ አገር ዞሯል። በግብፅ በረሃ የመነኮሳት ማዕረግ ነበር። በእኛም አገር በ4ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ አባ ሰላማ ተብለዋል፤ ከዘጠኙ ቅዱሳን አባ ገሪማና አባ ጰንጠሌዎን ተከትለዋል። ከገዳም ከወጣ በኋላ ግን ያልገባበት የለም። ቴዎድሮስ በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉበት። ሚስትና ልጅ ያለው አባወራ ሆነ፣ ጉልበተኛው አባ ጉልቤ፣ ከብት የሚፈጀው በሽታ አባ ሰንጋ። አባጨጓሬም አልቀረች። «አባ» በኦሮምኛም አባት ወይም ባለቤት ማለት ነውና ስሟ ራሱ በኦሮምኛ ግራር ማለት ለሆነው ላፍቶ ቃሉ በሁለት በኩል ቤተኛ ነው።

በኦርቶዶክሱ ወግ ያገባው ካህን ቄስ ወይም መምሬ ነው፤ ከስሙ በፊት «አባ» የሚገባለት መነኩሴው ነው። የካቶሊክ ካህን እንደ ልማዱ ሚስት አያገባምና ምእመኑ ከመነኩሴው ጎን አስቀመጠው።

ይህ ቦታ ግን በቀላሉ አልተገኘም። ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ፣ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የአገሩን ሥርዓት በላቲኑ ሊተካ ተነሣ። አገር ደም ተፋሰሰ፤ ንጉሡም በ1632 ነገሩን ትተው ልጃቸውን ፋሲለደስን አነገሡ። በ1839 የመጣው ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዩስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ግዕዙን ተማረ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሰ፣ ያዕቆብ ተባለ። ለእኔ ቃሉን ለካቶሊኩ ያስረከበው ይህ አኗኗር እንጂ የቫቲካን ደብዳቤ አይደለም።

የጎጃሙ መነኩሴ ገብረ ሚካኤል ከእርሱ ጋር ተዋውቆ በ1844 ካቶሊክ ሆነ። እምነቱን ሲለውጥ መጠሪያው አልተለወጠም፤ አባ ሆኖ ገባ፣ በ1855 በእስር ሲሞትም አባ ነበር። ሮም በ1926 ብፁዕ ብላዋለች። ሐረር ላይም ፈረንሳዊው ካፑቺን ዣሮሶ አባ እንድርያስ ተብሏል። የተፈሪ መኮንን አስተማሪም አባ ሳሙኤል ነበር።

«አባ» የማይነግረን ነገርም አለ፤ ማኅበሩን። ላዛሪስቱም፣ ካፑቺኑም፣ ኮምቦኒውም፣ የዶን ቦስኮው ሳሌዥያንም፣ ከየትኛውም ማኅበር ያልሆነው የሀገረ ስብከት ካህንም እኩል አባ ናቸው። ጳጳስ ሲሆኑ «አቡነ» ይባላሉ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ካርዲናል የሆኑት አቡነ ብርሃነየሱስ ሱራፌል ላዛሪስት መሆናቸውን ከመጠሪያቸው የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ማኅበራቸውን ማወቅ ከፈለጉ ይጠይቁ። ክህነት ያልተቀበለውን የማኅበር አባል ግን «ወንድም» ወይም «ብራዘር» ይበሉት፤ «አባ» ካሉት ጳጳሱን ቀድመው ሾሙት።