ፍልውኃ በቀዝቃዛው ውኃ ከተማ

ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው ከማሳዮች ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜውም ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከወደዱት ፍልውኃ አጠገብ ነው። ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ የኪራይ ግቢ የሚኖር ሰው ሁለቱን በአንድ በረንዳ ላይ ሊያገናኝ ሞክሮ ነበር።

ሰውዬው ቤቱን ሲከራይ ከጓሮ በኩል የቀድሞው ተከራይ ትቶት የሄደ ጃኩዚ አገኘ። ለዓመታት የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ቆየ። ቁርጥማት የሚያሠቃያቸው እናቱ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ ግን ትዝ አለው፤ እኚህ እናት የጉልበታቸው ሕመም በጠናባቸው ቁጥር ፍልውኃ ወርደው የሚታጠቡ ነበሩ። ገንዳው ተጠርጎ ተሞላ። ውኃው 38 ዲግሪ ሲደርስ እናቲቱ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ገቡና፣ «እሰይ! ፍልውኃ እዚህ ድረስ ተከተለኝ» አሉ።

ነገሩ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። የዕቃው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ጃኩዚ የቤተሰብ ስም ነው፤ ከኢጣሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱ ወንድማማቾች የጉድጓድ ውኃ መሳቢያ ፓምፕ ይሠሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ካንዲዶ፣ ትንሽ ልጁ በመገጣጠሚያ ሕመም ሲሠቃይ አይቶ፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ውኃውን የሚያናውጥ ፓምፕ አበጀለት፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ቀረበ። ስለዚህ የነገሩ ሁሉ ልብ ፓምፑ ነው። ኪሊማኒ ላይ የታመመውም እርሱ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከፓምፑ ሥር ጠብታ ታየ። ናይሮቢ ውስጥ ጠብታ ቀላል ነገር አይደለም። የከተማዪቱን አብዛኛውን ውኃ የሚያቀብለው እ.ኤ.አ. በ1994 የተጠናቀቀው የንዳካይኒ ግድብ ነው፤ በ2017 ዝናብ ጠፍቶ ግድቡ ሲጎድል ውኃ በፈረቃ መታደል ጀመረ፤ የፈረቃ ኑሮም ልማድ ሆኖ ቀረ። እናቲቱ ከጠብታው ሥር ሳፋ አኖሩ። በቀን የ20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ውኃ ይጠራቀም ነበር። «ጎረቤት ጀሪካን ተሸክሞ ሲያልፍ እያየሁ እኔ እዚህ ተዘፍዝፌ? ግፍ ነው ልጄ፤ ይቅርብኝ» ብለው ከገንዳው ወጡ። ልጃቸውን ያስደነገጠው ከጠብታው ይልቅ ይህ ነበር።

ናይሮቢዎች የእጅ ባለሙያን ሁሉ ፉንዲ ይሉታል። የተጠራው ፉንዲ ፓምፑን ከውጭ ሲሊኮን ቀብቶት ሄደ። ሦስት ቀን ያዘ፤ በአራተኛው ሳፋው ተመለሰ።

ሰውዬው በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ጧት ኤሌክትሪኩን ከዋናው ሣጥን ላይ አጠፋ፤ የኬንያ መስመር 240 ቮልት ነውና ከውኃ ጋር ቀልድ የለም። መዝጊያዎቹን ዘግቶ ፓምፑን አወጣና በካቻቢቴ ፈታው። ከሞተሩ የሚወጣው ዘንግ ወደ ውኃው ክፍል በሚገባበት ቦታ ሲል የሚባል ዕቃ አለ። አንዱ ፊቱ ከካርቦን፣ ሌላው ከሴራሚክ የተሠራ ሲሆን፣ ሁለቱ በሞላ ግፊት ተጣብቀው ውኃውን ያግዳሉ። የሚያቀዘቅዛቸው ያው የሚያግዱት ውኃ ነው፤ ፓምፑ በደረቁ ከዞረ ይቃጠላሉ። ሰውዬው ይህን ሲረዳ አንገቱን ደፋ። ገንዳው በተሞላበት ዕለት ቧንቧው መሐል ላይ ሲቋረጥ ፓምፑን ባዶውን ሲያስጮኸው የቆየው ራሱ ነበር። ለካ ፉንዲውን ያማው ግማሹን በከንቱ ኖሯል!

አሮጌውን ሲል በኪሱ ይዞ ኪሪንያጋ መንገድ ወረደ፤ ልኩ የተገኘው ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ነው። ሲገጥመው ፊቱን በጣቱ አልነካውም፤ የጣት ቅባት እንኳ ሊያበላሸው ይችላልና። እናቲቱ ንጹሕ ጨርቅ ይዘው አጠገቡ ተቀምጠዋል። አባቱም የስፌት መኪናቸውን ሲፈቱ ብሎኑን እንዲህ በተርታ ይደረድሩ እንደ ነበር ነገሩት። ናይሮቢ ከመጡ ወዲህ የሟች ባላቸውን ነገር ሲያነሡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ማታ ፓምፑ ተነሣ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ጠብታ አልወረደም።

«ያው ውኃ ነው የሚሽከረከረው? አይደፋም?» አሉ እናቲቱ።

«ለሳምንታት አይደፋም፣ እማዬ።»

«እንግዲያስ እሺ።»

ገቡ። ሳፋው ግን ከፓምፑ ሥር አልተነሣም፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ ወጥተው በባትሪ አዩት። ደረቅ ነበር።